ልጁ ደረቱን ተመትቶ ሲወድቅ፦ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ደቂቃዎች

(በዋሽንግተን አካባቢ ልጆቻቸው ስፖርት ለሚጫወቱ ወላጆችና ለአሰልጣኞች የተደረገ ንግግር። ለንባብ እንዲመች ትንሽ ተስተካክሏል። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።)

እንደምን ዋላችሁ። ቅዳሜያችሁን ሰጥታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ብዙዎቻችሁ ከአንዱ ሥራ ወደ ሌላው የምትሮጡ መሆናችሁን አውቃለሁ። እኔም የድንገተኛ ክፍል ነርስ ነኝና ቅዳሜ ምን ያህል ውድ እንደሆነች ይገባኛል። ስለዚህ በቀጥታ ወደ ጉዳዩ ልግባ።

ጃንዋሪ 2 ቀን 2023፣ ሰኞ ማታ፣ ሲንሲናቲ ውስጥ የቡፋሎ ቢልስና የሲንሲናቲ ቤንግልስ የአሜሪካ ፉትቦል ጨዋታ ነበር። የቡፋሎው ተከላካይ ዳማር ሃምሊን ያኔ 24 ዓመቱ ነው። ኳስ ይዞ የሚሮጠውን ቲ ሂጊንስን ለማስቆም ገጠመው። ሂጊንስ ደረቱ ላይ አረፈበት። ሁለቱም ወደቁ። ሃምሊን ወዲያው ተነሳ፣ አንድ ሁለት እርምጃ ተራመደ፣ ከዚያ ወደ ኋላው ተዘረረ።

ቴሌቪዥን ላይ ያያችሁት ታስታውሳላችሁ። ተጫዋቾቹ ከበው ቆመው ያለቅሱ ነበር። በአሜሪካ ፉትቦል ያን የመሰለ ግጭት በአንድ ጨዋታ ደጋግሞ የሚታይ ነው። ከዚያ የሚብስ ግጭት ገጥሞት ተነስቶ የሚሮጥ ሞልቷል። ሃምሊንን የጣለው የምቱ ኃይል ብቻ አልነበረም። ምቱ ያረፈባት ቅጽበት ናት።

የሕክምና ሰዎቹ ወዲያው ደረሱ። የቡፋሎ ረዳት አትሌቲክ ትሬነር (የተጫዋቾችን ጤና የሚከታተል ባለሙያ) ዴኒ ኬሊንግተን ደረቱን መጫን ጀመረ። ልብን በኤሌክትሪክ የሚያስነሳው መሣሪያ መጣ፤ እዚያው ሜዳው ላይ ልቡ ተመለሰ። በሁለተኛው ቀን ማታ ሆስፒታል ውስጥ ነቃ። ጉሮሮው ውስጥ ቱቦ ስላለ መናገር አይችልም። ጽፎ የጠየቀው የመጀመሪያ ነገር ያሸነፈው ማን እንደሆነ ነው። ሐኪሞቹም የሕይወትን ጨዋታ አንተ አሸንፈሃል አሉት። በአፕሪል ወር ሃምሊን ራሱ ወጥቶ ምን እንደደረሰበት ተናገረ፦ ኮሞሽዮ ኮርዲስ። በኦክቶበር ተመልሶ ሜዳ ገባ።

ዛሬ የማወራው ስለዚሁ ነገር ነው። ስሙን ባትይዙት ግድ የለም። የሚሆነውን ነገር ግን ያዙልኝ።

አንድ ጤነኛ ልጅ ደረቱ ላይ፣ ልክ ልቡ ባለበት ቦታ፣ ይመታል። የሚመታው በቤዝቦል፣ በላክሮስ (መረብ ባለው ዱላ የሚጫወቱት ጨዋታ) ኳስ፣ በሆኪ ፓክ (በረዶ ላይ የሚመቱት ጠጣር የጎማ ቁራጭ)፣ በክርን፣ በጉልበት ወይም በካራቴ ቡጢ ሊሆን ይችላል። ቆዳው አይቀደድም። አጥንቱ አይሰበርም። ልቡም አይቆስልም። ግን ልቡ ይቆማል።

እንዴት? ልባችን በእያንዳንዱ ምት ኤሌክትሪኩን ያወጣና መልሶ ይሞላል። በሚሞላበት ጊዜ የልቡ ሥጋ ግማሹ ዝግጁ የሆነበት፣ ግማሹ ያልሆነበት አጭር ቅጽበት አለች። በኢሲጂ (የልብን ኤሌክትሪክ በሚያሳየው ምርመራ) ወረቀት ላይ ሐኪሞች ቲ ዌቭ የሚሉት ሞገድ ወደ ጫፉ ሲወጣ የምትገኝ ናት። ርዝመቷ ከ20 እስከ 40 ሚሊ ሰከንድ ቢሆን ነው። አንድ ሰከንድ 1000 ሚሊ ሰከንድ አለው። ምቱ ልክ እዚያች ላይ ካረፈ ልብ ውስጥ ያለው ግፊት በድንገት ያሻቅባል፣ የልቡ ሥጋ ይለጠጣል፣ የኤሌክትሪኩ ሥርዓት ይፈርሳል። ማኅሌት ላይ እያንዳንዱ ከበሮ መቺ በየራሱ ምት ቢመታ ምን እንደሚመስል አስቡት። ድምፅ አለ፣ ዜማ የለም። ልብም እንዲሁ ይንቀጠቀጣል እንጂ ደም አይረጭም። ይህንን ቬንትሪኩላር ፊብሪሌሽን ይሉታል።

ደም ወደ አንጎል መሄድ ካቆመ ሰው በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ራሱን ይስታል። እነዚያ ጥቂት ሰከንዶች ናቸው ሃምሊንን ተነስቶ እንዲራመድ ያደረጉት። ስለዚህ ልጁ ተመትቶ ቢነሳ፣ ኳሱን አንስቶ ቢወረውር እንኳ፣ ዓይናችሁን ቶሎ አትንቀሉበት።

ይህንን ሁሉ በእርግጠኝነት ማወቅ የቻልነው በቅርብ ጊዜ ነው። ደረቱን ተመትቶ ምንም ሳይቆስል የሞተ ሰው ወሬ በሕክምና መጻሕፍት ውስጥ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ አለ። ምክንያቱ ግን አከራካሪ ነበር። በ1998 ማርክ ሊንክ የተባሉ የልብ ሐኪምና ባልደረቦቻቸው ቦስተን ውስጥ በሰመመን የተኙ አሳማዎች ላይ ሙከራ አደረጉ። በሰዓት ወደ 48 ኪሎ ሜትር በሚሆን ፍጥነት ቤዝቦል ደረታቸው ላይ እያሳረፉ፣ ምቱ የልብ ምቱ የትኛው ክፍል ላይ እንደሚያርፍ መረጡ። ከቲ ዌቭ ጫፍ በፊት ከ30 እስከ 15 ሚሊ ሰከንድ ባለው ቦታ ላይ ካሳረፏቸው 10 ምቶች 9ኙ ልብን አንቀጠቀጡ።

በኋላ ፍጥነቱን እየቀያየሩ ሲሞክሩ ደግሞ ሌላ ነገር ወጣ። በሰዓት 32 ኪሎ ሜትር ሲሆን ምንም አልሆነም። በጣም አደገኛው 64 ኪሎ ሜትር አካባቢ ሆነ። ከዚያ ሲፈጥን ይህኛው አደጋ ይቀንሳል፤ ሌላ ዓይነት ጉዳት ይጨምራል። እንግዲህ ሜጀር ሊግ (ትልቁ የቤዝቦል ውድድር) ላይ የምታዩት ኳስ ከ140 ኪሎ ሜትር በላይ ይበራል። ልጆች የሚወረውሩት ኳስ ነው በሰዓት 60 እና 70 ኪሎ ሜትር የሚሄደው። በጣም የሚያስጨንቀኝ ይህ ነው። አደገኛው ፍጥነት የልጆቻችን ፍጥነት ነው።

ልጆችን የሚያጠቃበት ሌላ ምክንያትም አለ። የልጅ ደረት ስስ ነው፤ አጥንቱም ገና ይለመጣል። ምቱን ሳይቀንስ ወደ ልብ ያሳልፈዋል። ትልቅ ሰው ደረቱ ስለሚጠነክር ይከላከልለታል። አሜሪካ ውስጥ ባሪ ማሮን የተባሉ የልብ ሐኪም ሚኒያፖሊስ ላይ ክስተቶቹን የሚሰበስብ መዝገብ አቋቁመው ነበር። በዚያ መዝገብ ውስጥ ያሉት ተጎጂዎች አማካይ ዕድሜ 15 ዓመት ነው። ከ100 ውስጥ 95ቱ ወንዶች ናቸው። የሴት ልጆች ወላጆች ግን ይህን ሰምታችሁ እንዳትዘናጉ፤ ሶፍትቦልም ላክሮስም ይጫወታሉ።

እግር ኳስስ? ብዙዎቻችሁ ይህንን እንደምትጠይቁ አውቃለሁ። ኳሱ ትልቅና አየር የሞላበት ስለሆነ ሲመታ ይጨመቃል፤ ኃይሉን ሰፋ ባለ ቦታ ይበትነዋል። ስለዚህ እንደ ቤዝቦልና እንደ ላክሮስ ጠጣር ኳስ አይደለም። ግን በረኛ ከቅርብ ርቀት የተመታ ኳስ በደረቱ ሲይዝ፣ ወይም ተጫዋች ክርንና ጉልበት ሲገጥመው የደረሰ አለ። ከሜዳ ውጭም ይደርሳል። ከተመዘገቡት ክስተቶች ከሦስት አንዱ የሚበልጠው ከተደራጀ ውድድር ውጭ የሆነ ነው፦ ጓሮ ውስጥ ኳስ ሲወራወሩ፣ ወንድማማቾች በጨዋታ ቡጢ ሲሰናዘሩ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። በማሮን መዝገብ ውስጥ ከ1970 እስከ 1993 ከደረሰባቸው ልጆች በሕይወት የተረፉት 10 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከ2006 እስከ 2012 ባሉት ዓመታት ግን 58 በመቶ ተረፉ። ልጆቹ አልተለወጡም፤ ኳሱም ያው ነው። የተለወጠው በሜዳው ዳር ያለው ሰው ነው። ሰዎች ሲፒአር፣ ማለትም ደረት እየተጫኑ ሕይወት ማትረፍን፣ ተማሩ። ኤኢዲ የሚባለው የልብ ማስነሻ መሣሪያ በየትምህርት ቤቱና በየሜዳው ገባ። በመጀመሪያዎቹ 3 ደቂቃዎች ውስጥ እርዳታ የተጀመረላቸው 40 በመቶ ተርፈዋል። ከ3 ደቂቃ በኋላ የተጀመረላቸው 5 በመቶ ብቻ።

እዚያው ጥናት ውስጥ እኛን በቀጥታ የሚመለከት ሌላ ቁጥር አለ። ከ166 ነጭ ተጎጂዎች 54ቱ ተረፉ። ከ24 ጥቁር አሜሪካውያን የተረፈው አንድ ነው። አንድ! የጥቁር ልጅ ልብ የተለየ ሆኖ አይደለም። እርዳታው የዘገየባቸው ጥቁሮች 44 በመቶ፣ ነጮች 22 በመቶ ናቸው። ኤኢዲም ለጥቁሮቹ የደረሰው ባነሰ ቁጥር ነው። የእኛ ልጆች ቤት ውስጥ ሐበሻ ናቸው። ሜዳ ላይ ሲወድቁ ግን የሚወድቁት በዚህ ቁጥር ውስጥ ነው። ሃምሊን ከተረፉት አንዱ የሆነው 30 ያህል የሕክምና ሰው በተሰለፈበት ሜዳ ላይ ስለወደቀ ነው። ጨዋታው ሊጀመር አንድ ሰዓት ሲቀረው የሁለቱም ቡድን የሕክምና ሰዎች ተገናኝተው ማን ምን እንደሚሠራ ይነጋገራሉ። ልጃችሁ እሁድ ጠዋት የሚጫወትበት ፓርክ ውስጥ ማን አለ? እናንተ ናችሁ ያላችሁት።

ስለዚህ ስለ እኛ ልናገር። አንድ ሰው ድንገት ሲወድቅ እኛ ምን እናደርጋለን? ውሃ እንረጫለን። ሎሚ እናሸታለን። ከተንቀጠቀጠ የሚጥል በሽታ ነው ብለን ክብሪት ጭረን ጭሱን ወደ አፍንጫው እናስጠጋለን። "አየር ይግባው" እያልን ክብ ሠርተን እንቆማለን። ደግፈን እናስቀምጠዋለን። አንዱ ሮጦ መኪና ያመጣና ተሸክመን ወደ ሆስፒታል እንከንፋለን። ይህ ሁሉ ከፍቅርና ከድንጋጤ የሚመጣ ነው። እናቶቻችን ያደረጉት ነው። ልቡ ለቆመ ልጅ ግን እያንዳንዱ ነገር ደቂቃ ይበላበታል። ያለ እርዳታ በሚያልፍ በየደቂቃው የመትረፍ ዕድሉ ከ7 እስከ 10 በመቶ ይቀንሳል። በመኪና 10 ደቂቃ ስትነዱ ደረቱን የሚጫን ሰው ከሌለ፣ ሆስፒታሉ በር ላይ ስትደርሱ ረፍዷል።

ሁለት ነገር በተለይ ያታልላል። አንደኛው መንቀጥቀጥ ነው። ልብ ሲቆም አንጎል ደም ስለሚያጣ ሰውነት ለአጭር ጊዜ ሊንፈራገጥ ይችላል። ሜዳ ላይ ተመትቶ ወይም እየሮጠ ድንገት የወደቀ ልጅ ቢንፈራገጥ፣ ሌላ ነገር እስኪረጋገጥ ድረስ ልቡ ቆሟል ብላችሁ ውሰዱት። ሁለተኛው አተነፋፈስ ነው። አንዳንዴ ልጁ አፉን ከፍቶ እንደ ማንኮራፋት፣ እንደ ማቃሰት ያለ ትንፋሽ አልፎ አልፎ ይስባል። "ይተነፍሳል፣ ተመስገን!" ይባልና ሁሉም ይቆማል። ያ መተንፈስ አይደለም። ሲጠሩት ካልመለሰ፣ ሲነኩት ካልነቃ፣ በደንብ ካልተነፈሰ ደረቱን መጫን ጀምሩ።

ስለ ጸሎት የጠየቃችሁኝ አላችሁ። ጸልዩ። እጃችሁ ደረቱ ላይ እየሠራ ጸልዩ።

እንዴት እንደሚሠራ ልንገራችሁ፤ ኋላ በእጃችሁ ትሞክሩታላችሁ። መጀመሪያ ሰው ለይታችሁ ጥሩ፦ "አንተ 911 ደውል! አንቺ ኤኢዲውን አምጪ!" ለሁሉም የተጣራ ጥሪ ማንም አይሰማውም። ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጉት፤ የሚመልሰው ሰው እየመራ ያስጫናችኋል። እዚህ ያልሆናችሁና ይህንን የምታነቡ፦ አውሮፓ 112፣ እስራኤል 101፣ ኤምሬትስ 998፣ ሳዑዲ 997፣ አገር ቤት የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው።

ልጁ በጀርባው ጠንካራ መሬት ላይ ይተኛ። የአንድ እጃችሁን መዳፍ ሥር ደረቱ መሐል ላይ፣ በሁለቱ ጡቶች መካከል አድርጉ። ሌላውን እጅ ከላይ ደርቡ። ክርናችሁን አታጥፉ። ወደ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ታች ተጫኑ፤ መልሶ እስኪነሳ ልቀቁት፤ እንደገና። በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ። ያ ፈጣን ነው። የሚደክም ሥራ ነው። በየ2 ደቂቃው ተቀያየሩ እንጂ አታቋርጡ። አጥንቱ ቀጭ ቢል አትደንግጡ። የጎድን አጥንት ይድናል። አፍ ለአፍ መተንፈስ ከተማራችሁ ጥሩ፤ ካልተማራችሁ ደረቱን ብቻ ተጫኑ። ከምንም ይሻላል፤ በብዙ ይሻላል።

ኤኢዲው ሲመጣ ክፈቱትና አብሩት። ይናገራል። የሚለውን ማድረግ ብቻ ነው። መለያውን አውልቁ፣ ላብ ካለ ጥረጉ። አንዱን ተለጣፊ ከቀኝ አንገት አጥንቱ በታች፣ ሌላውን በግራ ጎኑ ከብብቱ ዝቅ ብሎ ለጥፉ። መሣሪያው የልቡን ምት ራሱ ያነባል። ኤሌክትሪክ የማያስፈልገው ልብ ከሆነ አይሰጥም። "ሁሉም ይራቅ" ሲል ራቁ፤ ከሰጠ በኋላ ወዲያው ወደ መጫኑ ተመለሱ።

የሚከላከል ልብስ የለም ወይ? በ2002 በታተመው የመዝገቡ ጥናት፣ በውድድር ላይ ይህ ከደረሰባቸው ልጆች ከሩብ በላይ የሚሆኑት ደረት መከላከያ ለብሰው ነበር። የቀድሞዎቹ መከላከያዎች ለዚህ ተብለው አልተሠሩም። በ2017 ግን ለዚህ አደጋ የተዘጋጀ መስፈርት ወጣ። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ላይ የቤዝቦል ያዦች (ከመቺው ኋላ ሆነው ኳስ የሚይዙት) ከ2020፣ በወንዶች ላክሮስ በረኞች ከ2021፣ ሌሎቹ ተጫዋቾች ከ2022 ጀምሮ መስፈርቱን ያሟላ እንዲለብሱ ተደንግጓል። ስትገዙ መከላከያው ላይ የመስፈርቱን ምልክት ፈልጉ፤ ከወንድሙ የወረሰው አሮጌ መከላከያ ላይኖረው ይችላል። ለትንንሾቹ ለስለስ ያለው የደኅንነት ቤዝቦል አደጋውን እንደሚቀንስ በሙከራ ታይቷል። እናንተ አሰልጣኞች ደግሞ "በደረትህ አቁመው!" አትበሉ። ኳስ ሲመጣበት ደረቱን አዙሮ በትከሻውና በጀርባው እንዲቀበል አስተምሩት።

የልብ ምርመራ አስቀድሞ ይህንን አያሳይም። ምርመራ ለሌላ ነገር ይጠቅማል። በ2003 ሊዮን ላይ በጨዋታ መሐል የሞተው ካሜሩናዊው ማርክ ቪቪየን ፎ የልብ ሥጋ መወፈር ነበረበት፤ እንዲህ ያለውን ምርመራ ሊይዘው ይችላል። ኮሞሽዮ ኮርዲስ ግን ጤነኛ ልብ ላይ ነው የሚደርሰው። አስቀድሞ የሚታይ ነገር የለም።

አንድ ነገር በጣም ከልቤ ልለምናችሁ። እንዲህ ያለ ነገር ሲደርስ ኳሱን የወረወረው ልጅም አለ። ሃምሊን በወደቀ ማግስት ሰዎች ቲ ሂጊንስን መዝለፍ ጀምረው ነበር። የሃምሊን ቤተሰብ ልጃቸው ገና ሆስፒታል ተኝቶ እያለ ከሂጊንስ ጎን መቆማቸውን አሳወቁ፤ ሕዝቡም እንዲደግፈው ጠየቁ። ምንኛ ትልቅ ሰዎች ናቸው! እዚህ አገር በጨዋታ ወይም በትንሽ ጠብ ደረት መትተው ሰው የሞተባቸው ሰዎች በነፍስ ግድያ የተከሰሱበት ጊዜ አለ። አገር ቤት ደግሞ ጠዋት ሲሮጥ የነበረ ልጅ ያለ ቁስል ሲሞት ሰው "ዓይን በላው" ይላል፣ ወይም "የእገሌ ልጅ ገደለው" ይላል። ሁለት ቤተሰብ ለዘላለም ይቆራረጣል። ምቱ ያረፈው በሰከንድ መቶኛዎች በምትለካ ቅጽበት ላይ ነው። ያንን አልሞ መምታት የሚችል ልጅ የለም። ያንን ልጅ እቀፉት። ለእሱም ሐኪም ፈልጉለት።

በ2000 ሎንግ አይላንድ ላይ የ14 ዓመት የላክሮስ በረኛ መከላከያ ለብሶ ኳስ በደረቱ አቁሞ ሞተ። ሜዳው ላይ ኤኢዲ አልነበረም። ወላጆቹ ሐዘናቸውን ይዘው የሕግ አውጪዎችን ደጅ ጠኑ። በ2002 የኒውዮርክ ትምህርት ቤቶች ኤኢዲ እንዲኖራቸው የሚያስገድድ ሕግ ወጣ። ከዚያ ወዲህ በዚያ ሕግ ምክንያት በተገኙ መሣሪያዎች ተማሪዎችም አስተማሪዎችም ተርፈዋል። እኔ እነዚያን ወላጆች ባሰብኩ ቁጥር አንድ ጥያቄ ይመጣብኛል፤ እናንተም ሰኞ ለልጃችሁ ትምህርት ቤትና ለክለቡ ጠይቁልኝ። ኤኢዲው የት ነው? ቢሮ ውስጥ ተቆልፎ ከሆነ እሁድ ቀን ማን ይከፍተዋል? ከሜዳው ሮጦ ለመመለስ ስንት ደቂቃ ይፈጃል? ባትሪውና ተለጣፊው ጊዜው አላለፈም? የጽሑፍ ዕቅድ አለ? "አለ አለ" ብለው ቢመልሱላችሁ በትሕትና "አሳዩኝ" በሉ። አነጋገሬ ይያዝብኛል ብላችሁ አትፈሩ። ወላጅ ናችሁ።

ከንግግሩ በኋላ ከቀረቡት ጥያቄዎች ጥቂቶቹን ልጨምር።

አንዲት እናት "ታዲያ ልጄን ከስፖርት ላስወጣው?" አሉ። አይሆንም፣ እትዬ። በመላው አሜሪካ መዝገቡ ላይ በዓመት ሲጨመር የነበረው ከ10 እስከ 20 ያህል ክስተት ነው። የማይመዘገብ ቢኖርም አደጋው በጠቅላላው በጣም ጥቂት ነው። ስፖርት ለልጁ ልብ፣ ለጓደኝነቱ፣ ለጭንቀቱ የሚሰጠው ጥቅም ከዚህ እጅግ ይበልጣል። ይጫወት። እርስዎ ደግሞ ደረት መጫን ይማሩ። የተማሩት ሲፒአር ለእሱ ሳይሆን ቤት ውስጥ ለአባቱ ወይም ለአያቱ ሊውል ይችላል። እንዲያውም ያ ነው የሚበዛው።

አንድ አባት "ብነካው ቢከሱኝስ?" ብለው ጠየቁ። ይህ ፍርሃት በማኅበረሰባችን ውስጥ በጣም አለ። በ50ዎቹም ስቴቶች በቅን ልቦና የሚረዳን ሰው የሚጠብቅ ሕግ አለ። የቆመ ልብ ከዚያ በላይ ሊበላሽ አይችልም።

"ገዝተን አገር ቤት ለሰፈር ቡድን ብንልክስ?" የሚል ጥያቄም መጣ። ሐሳቡ ደስ ይላል። ግን መሣሪያው ከ1000 ዶላር በላይ ያወጣል፤ ተለጣፊውና ባትሪውም በየጥቂት ዓመቱ መቀየር አለበት። የሚከታተለው ሰው ከሌለ ሳጥን ውስጥ ተኝቶ ይቀራል። በመጀመሪያ አሰልጣኞቹ ደረት መጫን እንዲማሩ እርዱ፤ ባዶ እጅ ነው የሚፈልገው። ከዚያ መሣሪያውን ከነተቆጣጣሪው አስቡበት።

የመጨረሻው ጥያቄ የአንድ የ15 ዓመት ልጅ ነበር፤ ላክሮስ ይጫወታል። "አንድ ጊዜ ከደረሰብኝ ከዚያ በኋላ መጫወት እችላለሁ?" አለኝ። ሐኪሞች ልብህን በደንብ ይመረምራሉ፦ ኢሲጂ፣ አልትራሳውንድ፣ ሌላም። ሌላ ችግር ከሌለ ብዙ ጊዜ መመለስ ይቻላል። የሆኪ ተጫዋቹ ክሪስ ፕሮንገር በሜይ 1998 ፓክ ደረቱን መትቶት ወድቆ ልቡ ተመልሷል፤ በቀናት ውስጥ ተጫውቷል፤ ከዚያም ብዙ ዓመት። ሃምሊንም ወደ ሜዳ ተመልሷል። ልጁ ቀጠለና "ጓደኞቼም መማር ይችላሉ?" አለ። ይችላሉ፣ አልኩት። የ12 እና የ13 ዓመት ልጅም በደንብ መጫን ይችላል፤ ሜዳ ላይ ደግሞ ከሁሉም ቀድመው የሚደርሱት እነሱ ናቸው።

መለማመጃ አሻንጉሊቶቹ ከኋላ ምንጣፉ ላይ ናቸው። ሁለት ሁለት እየሆናችሁ ኑ፤ አንዳችሁ ትጫናላችሁ፣ አንዳችሁ ጮክ ብላችሁ ትቆጥራላችሁ፣ በ2 ደቂቃ ትቀያየራላችሁ። ነጠላ ያደረጋችሁ እናቶች አስቀምጡትና ኑ። ልጆቹ ይቅደሙ።